እምቢ በማይባልበት ቤት «እሺ» ምን ዋጋ አለው?

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት ማግስት አንስቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ በከተማ አዳራሽ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ መንገዱ ሁሉ በሙሽራ መኪና ጥሩምባ ይናወጣል። ትዳር ያልያዘ ሰው ደግሞ በየሠርጉ አንድ ጥያቄ አያመልጠውም። «አንተስ? መቼ ነው የምታበላን?» ለሴቷ ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል፦ «እናትሽ የልጅ ልጅ ሳታቅፍ ልትቀር ነው?»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዷ አክስት ናት፣ ሌላዋ የእናት የማኅበር ጓደኛ ናት፣ ሌላው አብሮ አደግ ነው። የሚሉትም በሳቅና በምርቃት ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በዱላ የመጣን ሰው «አልፈልግም» ማለት አደጋ ቢኖረውም፣ ቢያንስ ምን እየተደረገ እንደሆነ ይታወቃል። በምርቃት የመጣን ሰው ግን በምን ቃል ይመልሱታል?

ዛሬ በከተማ ያለው ወጣት ትዳር የሚይዘው «ወድጄ፣ ፈቅጄ» ብሎ ነው። ከእነዚህ «ወድጄ»ዎች ውስጥ ግን ስንቱ ከልብ የወጣ ነው? ስንቱስ ከዘመድና ከጎረቤት አፍ ተውሶ የልብ መስሎ የተቀመጠ ነው? የሁለት ሰዎች ዕድሜ፣ ብዙ ጊዜም የልጆቻቸው ኑሮ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ግዴታው መልኩን ቀየረ

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ በአንቀጽ 6 ይደግማል፤ በአንቀጽ 7 ደግሞ የጋብቻን ዕድሜ ለወንዱም ለሴቷም 18 ዓመት አድርጓል። ጠለፋና ያለዕድሜ ጋብቻ ዛሬም ከአገሪቱ ጨርሰው አልጠፉም። ነገር ግን ቢያንስ ስማቸው ይታወቃል፤ ወንጀል መሆናቸውም ተጽፏል።

ሕጉ የሚያየው ግን የሚታየውን ግዳጅ ነው። በአንቀጽ 14 በኃይል ስለተገኘ ፈቃድ ሲናገር፣ ኃይሉን የሚለካው በተጋቢው ወይም በቅርብ ዘመዱ ላይ በተደቀነ ከባድና ቅርብ አደጋ ነው። ዛቻና ድብደባ በዚህ ሚዛን ይያዛሉ። የእናት እንባ አይያዝም። ይያዝ ማለትም አይቻልም፤ የትኛው ዳኛ እንባ መዝኖ ይፈርዳል? ስለዚህ ሕግ የማይደርስበት ሰፊ ሜዳ አለ። ይህ ሜዳ ለቤተሰብ፣ ለሽማግሌና ለራሱ ለተጋቢው ሕሊና የተተወ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ያሳየው ግፊት ሌላ ዓይነት ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የዘር ሐረግ እየቆጠሩ ባል ሲፈልጉ፣ ማኅበረሰቡ በፍቅር ፊት የቆመ ግድግዳ ነው። ሰብለና በዛብህ የሚፈልጉትን ያውቁታል፤ ያጡት መንገዱን ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ነገሩ ተገልብጧል። መንገዱ ክፍት ነው፤ እንዲያውም ከኋላ የሚገፋ እጅ ሞልቷል። የጠፋው «የምፈልገው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ የራስ መልስ ነው።

የአንድ ዶላር ውሸት

እ.ኤ.አ. በ1959 ሊዮን ፌስቲንገርና ጀምስ ካርልስሚዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ይፋ አደረጉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሆን ተብሎ አሰልቺ እንዲሆን የተዘጋጀ ሥራ ለአንድ ሰዓት አሠሯቸው። ከዚያም ተራውን ለሚጠብቅ ሰው «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሩ ጠየቋቸው። ለዚህች ውሸት ለአንዱ ቡድን 1 ዶላር፣ ለሌላው 20 ዶላር ተከፈለ። በመጨረሻ ሁሉም ሥራውን እንዴት እንዳገኙት ተጠየቁ። «እውነትም ደስ ይል ነበር» ወደሚለው ያዘነበሉት 20 ዶላር የተቀበሉት አልነበሩም። አንድ ዶላር የተቀበሉት ነበሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሃያ ዶላር የተቀበለው ሰው «የዋሸሁት ለገንዘቡ ብዬ ነው» ይላል፤ ስለ ሥራው ያለው ስሜት አይነካም። አንድ ዶላር የተቀበለው ግን የሚያሳብብበት ነገር የለውም። «ለአንዲት ዶላር ስል ዋሸሁ» ከማለት «እንዲያውም ሥራው መጥፎ አልነበረም» ማለት ይቀለዋል። ስሜቱን ከቃሉ ጋር ያስታርቀዋል። የሚገርመው ራሱን ማታለሉን አለማወቁ ነው።

ይህን ወደ ትዳር ማምጣት ይቻላል። በግልጽ የተገደደች ልጅ እንደተገደደች ታውቃለች። ሰውነቷ ቢሄድም ልቧ «ይህ የእኔ ምርጫ አይደለም» ይላል። በሳቅ፣ በልመናና በምርቃት ተገፍቶ የገባ ሰው ግን የሚያሳብብበት ዱላ የለውም። ማንም አላስገደደውም። እሺ ያለው በራሱ አፍ ነው። ታዲያ እሺ ማለቱን ለራሱ እንዴት ያስረዳው? «እወዳታለሁ ማለት ነው» ይላል። ቃሉ አስቀድሞ ወጥቷል፤ ስሜቱ ከኋላ እየሮጠ እንዲደርስበት ይታዘዛል።

ለዚህ ነው ለስላሳው ግፊት ከሻካራው ይልቅ ለማወቅ የሚያስቸግረው። ሻካራው የሰውን እጅ ይጠመዝዛል፤ ለስላሳው የሰውን ምስክርነት ይለውጣል።

ይሉኝታ የሚሠራው እንዴት ነው?

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ቋንቋ በቀላሉ የማይተረጉመው ቃል አለው፤ ይሉኝታ። «ምን ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ነው። ይሉኝታ በራሱ ክፉ አይደለም። ሰው ጎረቤቱን እንዲያፍር፣ ታላቁን እንዲያከብር፣ ለቅሶ እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ይሉኝታ ቢስ መባልም ስድብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይሉኝታ ያለቦታው ሲገባ ነው። ለቅሶ መድረስን ይሉኝታ ቢወስነው ደግ ነው፤ ከማን ጋር ማደርን ይሉኝታ ሲወስነው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ሰሎሞን አሽ የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያደረገው ሙከራ የይሉኝታን ጉልበት ያሳያል። ለተሳታፊዎች የተሳሉ መስመሮች ይታዩና የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ ይጠየቃሉ። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው። ነገር ግን አብረው የተቀመጡት ሰዎች አስቀድመው ተመካክረው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያልተመካከረው ተሳታፊ ከሚሰጣቸው መልሶች ከሦስት አንዱ ያህል ከዓይኑ ጋር የተጣላ፣ ከሰዎቹ ጋር የተስማማ ሆኖ ተገኘ። አንዲት መስመር ለመለካት እንኳ ሰው የራሱን ዓይን ይጠራጠራል። ገና ያልጠራ የልብ ስሜትማ በሃያ ዘመድ ፊት እንዴት ይቆማል?

ከዚሁ ሙከራ የሚያጽናና ነገርም ተገኝቷል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር፣ ተሳታፊው ብዙኃኑን መከተሉ በእጅጉ ቀነሰ። ሁሉም ከጎኑ መቆም አያስፈልገውም። «ያየኸው ልክ ነው» የሚል አንድ ሰው ይበቃል።

ፍቅር የሚመስሉ አራት ነገሮች

አንደኛው ቀብድ ነው። አዳራሽ ተይዟል፣ የሠርግ ካርድ ተበትኗል፣ ሚዜዎች ሱፍ አሰፍተዋል። በልብ ውስጥ ጥርጣሬ ሲነሳ «ይህን ሁሉ ነገር አበላሽቼ?» የሚል ድምፅ ያፍነዋል። ስድስት ዓመት አብሮ የቆየ ጥንድም እንዲሁ ነው። «ስድስት ዓመት ከንቱ ሊቀር ነው?» ይላል። ያለፈው ስድስት ዓመት ግን ቢጋቡም ባይጋቡም አይመለስም። የሚወሰነው የሚመጣው አርባ ዓመት ነው። ለቀብዱ ማዘንን ለሰውዬው መሳሳት አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ውለታ ነው። «በችግሬ ጊዜ አልተለየችኝም»፣ «ትምህርቴን ያስጨረሰኝ እሱ ነው»። ውለታ መመለስ አለበት፤ ያለ ፍቅር በተሰጠ ትዳር ግን አይመለስም። ውለታ የዋለ ሰው በምስጋና መልክ አብሮት የሚኖር፣ በልቡ ግን የሌለ ባል ወይም ሚስት ሲሰጠው ተበደለ እንጂ ተካሰ አይባልም።

ሦስተኛው ማምለጫ ነው። ከብቸኝነት፣ ከቤት ጭቅጭቅ፣ «ቆማ ቀረች» ከሚል ሐሜት፣ ከኑሮ ውድነት ወይም ከአገር ለመውጣት መፈለግ። አበው «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ያሉት የጨነቀው ሰው መምረጥ እንደማይችል ስለሚያውቁ ነው። ይህ በተለይ በአገር ቤትና በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በሚደረግ ትዳር ላይ ይከብዳል። በአሜሪካ ሕግ በእጮኛ ቪዛ የገባ ሰው ቪዛውን ካስጠየቀለት ዜጋ ጋር በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለበት። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድም ሁኔታ የታሰረበት የሁለት ዓመት ፈቃድ ነው። ሕጉ ይህን ያደረገው የውሸት ጋብቻን ለመከላከል ነው። ለሰዎቹ ግን ሰዓት እየቆጠረ የሚሄድ ፍቅር ይሆንባቸዋል። ብዙ እውነተኛ ትዳር በዚህ መንገድ ተመሥርቷል። ሆኖም በስልክ ሲያወሩ የኖሩ ሁለት ሰዎች በዘጠና ቀን ውስጥ «ሰውዬውን ነው ወይስ መውጫውን የወደድኩት?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይቸግራቸዋል። በወዲያኛው በኩል ያለውም «እኔን ነው ወይስ አገር ቤት የተውኩትን ናፍቆት የሚያስታግስልኝን ሰው የፈለግኩት?» ማለት ይኖርበታል።

አራተኛው ዕልህ ነው። ግፊት ሁልጊዜ «አግባ» አይልም፤ «እሷን እንዳታገባ» የሚልበትም ጊዜ አለ። በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በሀብት ምክንያት የተከለከለ ሰው «እንግዲያው ሞቼ እገኛለሁ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የወላጅ ተቃውሞ ፍቅርን ያግላል ብሎ ነበር፤ በ2014 ሙከራውን የደገሙት ተመራማሪዎች ግን ይህን አላገኙም። እንዲያውም የቅርብ ሰዎች ድጋፍ ያለው ግንኙነት የተሻለ ሆኖ ታያቸው። ይህ ማለት ወላጅ የከለከለው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ተቃውሞ መኖሩ ብቻውን የፍቅር ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው። አባትን ለማሸነፍ ያገባ ሰው አባት ተሸንፎ ዝም ሲል ቤቱ ውስጥ ምን ይቀረዋል?

«ፍቅር በኋላ ይመጣል» ለሚሉ

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። አያቶች የተጋቡት በቤተሰብ ምርጫ ነው፤ ብዙዎቹም ሃምሳ ዓመት ተከባብረውና ተዋደው ኖረዋል። የዛሬው «በፍቅር» የተጋባ ደግሞ በሦስት ዓመቱ ፍርድ ቤት ይቆማል። ታዲያ የቤተሰብ ዓይን ከወጣት ስሜት አይሻልም ወይ?

ተቃውሞው ግማሽ እውነት ይዟል። ፍቅር የሚያድግ ነገር ነው፤ በመጀመሪያ ቀን ያለው ግለት ሁሉ ፍቅር አይባልም። ስሜትም ይዋሻል። ምላሹ ሳይታወቅ፣ በተስፋና በሥጋት መካከል ሲንጠለጠሉ የሚመጣው ቀን ከሌት ስለ አንድ ሰው ማሰብ ብዙ ጊዜ ያ ሰው በእርግጠኝነት ሲገኝ ይበርዳል። ቤተሰብ ወጣቱ ያላየውን ሊያይ ይችላል።

ግን ሁለት ነገር ተዘንግቷል። አንደኛ፣ ሃምሳ ዓመት አብሮ መኖር በራሱ የመዋደድ ምስክር አይደለም። መውጫ ያልነበራት፣ መሬትም ደመወዝም ያልነበራት ሴት የኖረችው ሃምሳ ዓመት በፍቅር ይሁን በመታገሥ እሷ ካልተጠየቀች አይታወቅም፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ አልተጠየቀችም። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ማስተዋወቁና መምከሩ አንድ ነገር ነው፤ እምቢታን ማስወደዱ ሌላ ነው። በሽማግሌ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው፣ ተያይተው፣ «አይሆንም» ማለት እየቻሉ «ይሁን» ካሉ ትዳራቸው ነጻ ነው። ካፌ ውስጥ በራሳቸው የተዋወቁ ሁለት ሰዎች ደግሞ «ከአሁን በኋላ መመለስ ነውር ነው» ብለው ከገቡ ትዳራቸው የተገደደ ነው። ልዩነቱ ማን አስተዋወቃቸው የሚለው አይደለም። እምቢ ማለት ምን ያህል ያስከፍል ነበር የሚለው ነው።

እንዴት ይለያል?

የፍቅር ቴርሞሜትር የለም። ግን ራስን በብቸኝነት ሰዓት የሚጠይቁት ጥያቄ አለ።

ተመልካቹ ሁሉ ቢጠፋስ? ፎቶ ባይነሳ፣ ማንም ባያጨበጭብ፣ «አገባ» የሚል ወሬ ማንም ባይሰማ፣ ከዚህ ሰው ጋር መኖር አሁንም ይናፍቃል? የሚናፍቀው ሠርጉ ብቻ ከሆነ ሠርጉ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ቢበዛ መልሱ ይጨመራል።

ነገሩ በአንድ ዓመት ቢዘገይስ? ፍቅር መዘግየት ያሳዝነዋል እንጂ አያስፈራውም። «አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም» የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሥጋት ድምፅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን ሰው ደስ የማይል እውነት መንገር ይቻላል? ስለ ዕዳ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ልጅ መውለድ ፍላጎት፣ ስለ ቀድሞ ሕይወት። እውነት ከተነገረ ይፈርሳል ተብሎ የሚፈራ ነገር ቀድሞውንም የቆመው በማስመሰል ላይ ነው።

ስለ እሱ ወይም ስለ እሷ ሲናገሩ የሚመጣው ቃል ምንድን ነው? «ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራ አለው፣ ቤተሰቤ ወዶታል» የሚለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለማንም ሰው የሚሆን መግለጫ ነው። የሚወድ ሰው የሚናገረው ያንኑ አንድ ሰው ነው፤ ጉድለቱን ጭምር ያውቀዋል፣ አውቆም ይመርጠዋል።

ለአራቱም «አላውቅም» የሚል መልስ ከመጣ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ቆም ማለት ያስፈልጋል ማለት ነው።

የተረሳው ሰው

ስለ ይሉኝታ ጋብቻ ሲወራ ሁልጊዜ የሚታዘንለት የተገፋው ሰው ነው። ሌላው ወገን ይረሳል። ከልቧ ወዳ ያገባች፣ ባሏ ግን ለእናቱ እንባ ብሎ ያገባት ሴት አለች። «ለምን እንደ ሌሎቹ አያየኝም?» እያለች ጥፋቱን በራሷ ላይ ትፈልጋለች። መልኳን ትጠራጠራለች፣ አነጋገሯን ትጠራጠራለች። ማንም ያልነገራት ነገር ቢኖር ሚስት ሳትሆን የሌላ ሰው የይሉኝታ ማስታገሻ ሆና መምጣቷን ነው። ወንዱም በዚያው ቦታ ይገኛል። «ላለማስቀየም» የተባለ እሺ በመጨረሻ ከሁሉ የበለጠ የሚያስቀይመው ይህን ሰው ነው።

እምቢታን ማርከስ

ታዲያ ምን ይደረግ? «ወጣቱ ይንቃ» ብሎ መተው አይበቃም። ከሃያ ሰው ፊት አንድን ሰው አቁሞ «ደፋር ሁን» ማለት ፍትሕ አይደለም። መለወጥ ያለበት የእምቢታ ዋጋ ነው።

በክብር መዝገብም በሃይማኖት ሥርዓትም ተጋቢዎች «ፈቅዳችኋል?» ተብለው ይጠየቃሉ። ጥያቄው ግን የሚመጣው ምስክር ተሰልፎ፣ ቬሎ ተለብሶ፣ ድግሱ ከተደገሰ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ነው «አይ» የሚለው? ትክክለኛው ሰዓት ካርድ ከመታተሙ፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው። ትክክለኛው ቦታም ሁለቱ ለየብቻ የሚጠየቁበት ነው። ሽማግሌ ለመላክ የሚቸኩል ቤተሰብ ከሽማግሌዎቹ አንዱን «ልጆቹን ለየብቻ አነጋግር፤ ማናቸውም ቢያመነቱ በአንተ በኩል ይቁም፣ ስማቸው አይነሳ» ቢለው ምን ይጎድልበታል? የነፍስ አባቱ፣ ኢማሙ፣ ፓስተሩም ይህን ማድረግ ይችላሉ። ቀለበት የመለሰችን ልጅ ስም አለማንሳት፣ «ምን አገኘባት?» ብሎ አለመጠየቅም የሁሉም ድርሻ ነው። የፈረሰ እጮኝነት ውርደት አይደለም፤ እጮኝነት የተፈጠረው ለዚሁ፣ አስቀድሞ ለመተያየት ነው።

ሚዜም ሱፍ ለብሶ ከመቆም የበለጠ ሥራ አለው። በአሽ ሙከራ ብዙኃኑን የሰበረው አንድ ድምፅ እሱ ሊሆን ይችላል። ከሠርጉ ወራት በፊት፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው፣ «ብትተወው አብሬህ እቆማለሁ፤ ብትገባበትም አብሬህ እቆማለሁ። አሁን እውነቱን ንገረኝ» የሚል ጓደኛ ከአሥር አጃቢ ይበልጣል።

እናትም ብትሆን የልጅ ልጅ መፈለጓ ነውር የለውም። ምኞቷን ትናገር። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨምርበት፦ «ካልሆነም ልጄ ነህ።» ይህች ቃል የተነገረችበት ቤት ውስጥ የተባለ እሺ ይታመናል። እምቢ ማለት እየተቻለ የመጣ ነውና።